ዳሌያችሁን ሲያማችሁ፦ «ብርድ ነው» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ካነከሳችሁ ምርመራው መንገድ ላይ ያልቃል። አንዱ «ብርድ መትቶህ ነው» ይላል። ሌላዋ «ዲስክ ነው፣ የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው» ትላለች። ሪህ የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ከልቡ ነው የሚመክረው፣ ክፋት የለበትም። ግን በዚህ ምክር ሰው ዓመት ሙሉ ወገቡን ሲያሳሽ፣ ዋግምት ሲያደርግ፣ ከፋርማሲ መርፌ ሲወጋ ይከርምና ችግሩ ብሽሽቱ ውስጥ መሆኑን የሚያውቀው ራጅ የተነሳ ቀን ነው።

የማወራው ስለ ዳሌ አርትራይተስ፣ ማለትም ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ በተለይ በዕድሜና በሥራ ብዛት ስለሚመጣው ዓይነት። ይህ ጽሑፍ ሐኪም አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትናገሩ፣ ቤት ስትገቡ ደግሞ ምን እንደምታደርጉ ለማወቅ ግን ይረዳችኋል።

መጀመሪያ ቦታውን በጣት አሳዩ

«ዳሌዬን» ስንል እጃችን የሚሄደው ወደ ጎን ወይም ወደ መቀመጫችን ነው። መገጣጠሚያው ግን ያለው ፊት ለፊት ነው፣ ከብሽሽት እጥፋት ኋላ፣ ጠለቅ ብሎ። ስለዚህ እውነተኛው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይ ይሰማል፣ በጭን ፊት በኩልም ይወርዳል። አንዳንዴ ብሽሽቱን ዘሎ ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል፤ ጉልበቱን ራጅ ተነስቶ «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ካለ ዳሌውንም ይዩለት።

ሕመሙ በዳሌ ጎን፣ ወጣ ባለው አጥንት ላይ ሆኖ በዚያ ጎን ስትተኙ የሚብስ ከሆነ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው አይደለም፣ በዙሪያው ያሉ ጅማቶች ናቸው። ከመቀመጫ ጀምሮ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ከሆነ ደግሞ ከወገብ የሚነሳ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ሪህ ዳሌን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱ የሚወደው የእግር አውራ ጣት ነው።

ሌላው ምልክት ጫማ ነው። ካልሲ ማጥለቅና የእግር ጥፍር መቁረጥ ከከበዳችሁ፣ እግራችሁን ሌላኛው ጉልበት ላይ ማስቀመጥ ካቃታችሁ፣ መገጣጠሚያው መዞር እያቃተው ነው። ቤት ውስጥ መሞከርም ይቻላል። በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን ወደ ላይ እጠፉ፣ ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚታችሁን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይውሰደው። ጭናችሁ ያኔ ወደ ውስጥ ይዞራል። ከጤነኛው እግር ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ከቆመና ብሽሽታችሁን ከወጋችሁ፣ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

ጠዋት ስትነሱ እግር አልታዘዝ ይላል። በዚህ ዓይነቱ አርትራይተስ ግትርነቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ነው፣ ቡና እስኪፈላ ይለቃል። ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ የእጅ ጣቶችም የሚያብጡ ከሆነ፣ ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚታከመውም በሌላ መድኃኒት ነው።

ብርዱስ?

የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ ዳሌ ላይ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ይቀበለዋል። ሁለቱንም የሚሸፍን ለስላሳና አንሸራታች ሽፋን አለ፣ ካርቲሌጅ ይባላል። እሱ እየሳሳ ሲሄድ ዙሪያው ላይ ተጨማሪ አጥንት ይበቅላል፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት ይቆጣል፣ እንቅስቃሴው ይጠባል። ዕድሜ፣ በዘር መውረስ፣ ውፍረት፣ የድሮ ስብራት፣ በልጅነት በትክክል ያልተገጠመ ዳሌ ሁሉ ያመጡታል። ሥራም አለበት። ለረጅም ዓመት ግብርና ላይ የኖሩ ሰዎች ዳሌ ከሌላው በበለጠ እንደሚጎዳ በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የጅሩን ጥቁር ጭቃ ከሞፈር ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ይህን ለመስማት ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ብርድ ግን አያመጣውም። ይህን ስል ሰው ይቆጣኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውም እዚያ የተተከለው ያለ ነገር አይመስለኝም። በብርድ ጊዜ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግትርነቱ ይብሳል፣ ሕመሙ ይሰማል። ስለዚህ በጋቢው ላይ በርኖስ ደርቡ፣ ሌሊት ባና ጣሉ፣ ጠዋት የሞቀ ውኃ በላስቲክ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብሽሽታችሁ ላይ ሩብ ሰዓት ያዙ። ይህ ሁሉ ያስታግሳል። ችግሩ «ብርድ ነው» ያለ ሰው ሙቀት ፈልጎ ቁጭ ማለቱ ነው። እሳት ዳር ወይም አልጋ ላይ ወሩን ይጨርሳል፣ በዚያ መሀል ዳሌውን የሚይዙት ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ፣ ሲነሳ ከበፊቱ ይብስበታል።

ወደ ሐኪም የሚያስሮጥ

ይህችን ክፍል አትዝለሏት። ከወደቁ በኋላ መቆም ያቃታቸው፣ እግራቸው አጠር ብሎ ወደ ውጭ የዞረ ትልቅ ሰው ካሉ ያ ስብራት ነው። በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ወጌሻ ራጅ ሳይታይ አይንካቸው። ሌሊት ሌሊት የሚያልብ፣ ትኩሳት ያለው፣ ክብደቱ የቀነሰ ሰው ዳሌውን ሲያመው የአጥንት ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። ልጅ ሲያነክስ «አድጎ ይተወዋል» አይባልም፣ ትኩሳት ካለው ደግሞ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው። ዕድሜው ከ50 በታች ሆኖ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች የወሰደ፣ ወይም አረቄ የሚያበዛ ሰው ብሽሽቱን ካመመው የጭን አጥንቱ ራስ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። ይህ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል፣ ኤም አር አይ የሚባለውን የምስል ምርመራ ይጠይቃል። የደብረ ብርሃንን አረቄ ስም ለማጥፋት አይደለም፣ የሚታወቅ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ዋናው መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው

«አጥንቱ ተበልቷል እየተባልኩ እንዴት ልንቀሳቀስ?» ትሉ ይሆናል። ካርቲሌጅ የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ ከዙሪያው ፈሳሽ ነው። ጡንቻው ሲጠነክር ደግሞ መገጣጠሚያውን ያግዘዋል። በዓለም ላይ ያሉ የሕክምና መመሪያዎች ስለ መርፌና ስለ ኪኒን ሲከራከሩ በእንቅስቃሴ ላይ ግን ይስማማሉ።

የሚያስፈልጋችሁ አልጋ፣ የማይወዛወዝ ወንበርና የበር መቃን ብቻ ነው። በጀርባ ተኝታችሁ ሁለቱንም ጉልበት አጥፉ፣ መቀመጫችሁን ከአልጋው አንሱና እስከ አምስት ቆጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ቀጥሎ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ዘፍ ማለት የለም፤ ጥቅሙ ያለው ቀስ ብሎ መውረዱ ላይ ነው። እጅ ሳትደገፉ ካልቻላችሁ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምራችሁ ከፍ አድርጉት። ሦስተኛው ቆሞ ነው። የበሩን መቃን ይዛችሁ እግራችሁን ወደ ጎን አውጡ። ጣታችሁ ወደ ፊት ይይ፣ ወገባችሁ አይዘንበል። እግሩ ብዙ አይርቅም፣ ትንሽ ከሄደ በቂ ነው። ሌላኛው እግርም ይሥራ፤ ያኔ የታመመው ተሸካሚ ሆኖ ይጠነክራል።

እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ እያረፋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሥሩ። በመጨረሻ በሆዳችሁ ተኝታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዋለ ሰው የዳሌው ፊት ይኮማተራል፣ ይህ ይዘረጋዋል። ወገብ ካመማችሁ ከሆድ ሥር ትራስ አድርጉ።

ያማል ወይ? መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያማል። ከአሥር ሲለካ አራትም አምስትም ቢሆን ችግር የለውም፣ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ። በማግስቱ ከባሰ ቁጥሩን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ለውጡ የሚመጣው ግን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

መራመድም አለ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ስለሆነች ዕድለኞች ናችሁ። አንኮበር ወይም ደብረ ሲና ያለ ሰው ቁልቁለቱን ትቶ ትንሽ ደልዳላ መንገድ ፈልጎ እዚያው ይመላለስ። አንዴ አንድ ሰዓት ተጉዞ ሁለት ቀን ከመተኛት ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ ይሻላል።

ክብደትም ይጫናል። ስትራመዱ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌያችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደታችሁን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው ከአሥር ኪሎ በላይ ያወርዳል ማለት ነው። ቀጭን ለሆናችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ ጾም አትጨምሩ።

ከዘራው በየትኛው እጅ?

አክስቴ ሞላሌ ነው የምትኖረው። የሚያማት ግራ ዳሌዋ ነው፣ ከዘራውንም የምትይዘው በግራ እጇ ነበር። በቀኝ ያዢው ስላት ሳቀችብኝ። «የዘመመ አጥር የሚደገፈው በዘመመበት በኩል ነው» አለችኝ። ግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ይዛ እንድትሄድ አደረግኳት። በግራ ስትይዝ ትከሻዋ በየእርምጃው ወደ ግራ ይወድቃል፤ በቀኝ ስትይዝ ትከሻዋ ቀጥ አለ። ምንም አልተናገረችም፣ ግን ከዘራውን ሳትመልሰው ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግራ እግር ብቻ ስትቆሙ ዳሌያችሁ ወደ ቀኝ እንዳይወድቅ በግራ ጎን ያሉት ጡንቻዎች አጥብቀው ይጎትታሉ። ይህ ጉተታ ነው መገጣጠሚያውን ከክብደታችሁ በላይ የሚጫነው። በቀኝ እጅ ያለ ከዘራ ዳሌውን ከቀኝ በኩል ስለሚይዘው ጡንቻው ያን ያህል መጎተት አይኖርበትም። ስለዚህ ከዘራው በጤነኛው በኩል ይሁን፣ የሚራመደውም ከታመመው እግር ጋር እኩል ነው።

ልኩ አስቸጋሪ አይደለም። ጫማችሁን አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓችሁ ጋ መድረስ አለበት። መቋሚያ ለዚህ ይረዝማል፣ የተሠራው ለሌላ ነው። ተራ ዱላም ትከሻን ሽቅብ ይሰቅላል። ከከዘራው ጫፍ የላስቲክ ቆብ ወይም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ነገር ይምቱበት፣ ክረምት ላይ ከመንሸራተት ያድናል። ደረጃ ወይም ዳገት ሲሆን ሽቅብ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ቁልቁል የታመመው።

ቤትና ቤተ ክርስቲያን

ዱካ ላይ መቀመጥ ተዉ። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲሆን የዳሌው ፊት ይጨመቃል፣ መነሳቱም ፈተና ነው። ቡና የምታፈላ እናት ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ወጉ አይቀርም። መደብ ዝቅ ያለ ከሆነ በላዩ ላይ የታጠፈ ባና ደራርቡበት። ለመጸዳጃ ቤት መሀሉ የተቆረጠ ወንበር ማሠራት አናጺ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሥራ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ይህን አፍረው አይጠይቁም፣ ሳይጠየቅ አሠሩላቸው። ስትተኙ በጤነኛው ጎን ሁኑና በጉልበቶቻችሁ መሀል ትራስ አድርጉ። በቅሎ የምትቀመጡም ዳሌ መክፈቱ ካመማችሁ እንደ ድሮ ሴቶች በአንድ ጎን ለመሆን አትሞክሩ፤ መውደቅ ያመጣል፣ በእግራችሁ አዝግሙ።

ስግደት ብዙ ጥያቄ ያለበት ነው። ሁዳዴ ሲገባ፣ በተለይ ስቅለት ዕለት፣ ሰው ሲሰግድ ይውልና በማግስቱ መነሳት ያቅተዋል። አትስገዱ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ለሕመምተኛ ጎንበስ ማለትም እንደሚበቃ የሚነግሯችሁ ብዙዎች ናቸው። ቅዳሴ ላይ ከግድግዳው አጠገብ ቁሙ፣ ክብደታችሁን ከእግር እግር አቀያይሩ፣ ሲደክማችሁ ተቀመጡ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ለጸበል የምትሄዱ ኪኒናችሁን አታቁሙ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይም ሰው ይያዛችሁ።

ኪኒንና መርፌ

ፓራሲታሞል ለዳሌ ደካማ ነው፣ ግን ለአንዳንድ ሰው ይበቃል። ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ጉበት ያለበት፣ አረቄ የሚያዘወትር ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚወስደው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተሻለ ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ግን ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው። ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለባችሁ ሐኪም ሳይፈቅድ አትንኳቸው። ሁለቱን አንድ ላይም አትውሰዱ፣ ወንድማማች ናቸው።

ጾም ላይ ደግሞ ዲክሎፌናኩን ጠዋት በባዶ ሆድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። ጨጓራ የሚደማው እንዲህ ነው። ወይ ከምግብ በኋላ ይሁን፣ ወይ ስለ ጾሙ ንስሐ አባትን አማክሩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የሚቀባው የዲክሎፌናክ ቅባት ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ ብዙም አይደርስም።

«የቁርጥማት» ተብሎ ስሙ ሳይነገራችሁ የሚሰጥ ኪኒን ወይም መርፌ ካለ ስሙን አስጽፉ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ከሆነ ሕመሙ በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ሰውም «ተአምር ነው» ይላል። ደጋግመው ሲወስዱት ስኳር ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ያንኑ የጭን አጥንት ራስ ሊገድለው ይችላል። ሐኪም በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ እያየ መገጣጠሚያው ውስጥ አንዴ የሚወጋው ሌላ ነገር ነው፤ ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል።

ቀዶ ሕክምና

ራጁ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ሰው አይቀደድም። ራጁ የተበላሸ ሆኖ ዳገት የሚወጣ አለ፣ ራጁ ቀላል ሆኖ እንቅልፍ ያጣም አለ። ጥያቄው ሌሊት ያስተኛችኋል ወይ፣ ሥራችሁን ትሠራላችሁ ወይ የሚለው ነው። እንቅስቃሴውን ለወራት በደንብ ሠርታችሁ፣ ከዘራ ይዛችሁ፣ ኪኒን ወስዳችሁ አሁንም እንቅልፍ ከሌለ ጊዜው ደርሷል። ዛሬ የሚደረገው የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ መሠረቱ የተጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ሲገጥም ነው። አሁን ከአሥር ሰው ዘጠኙ ገደማ የተተከለለት መገጣጠሚያ 15 ዓመት ይቆይለታል፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ 25 ዓመት። ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋትና መውለቅ ሊያጋጥም ይችላል፤ ጥርስ የሚያማችሁና ስኳር ያለባችሁ አስቀድማችሁ ታከሙ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ይዛችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ከሄዳችሁ ወጪው የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። የሚተከለውን መገጣጠሚያ መድኑ ይሸፍን አይሸፍን ከቀጠሮው በፊት አስረግጣችሁ ጠይቁ፣ ውዱ እሱ ነው። ፊዚዮቴራፒ የት እንደምትከታተሉም ጠይቁ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግር ማጣመር፣ ዱካ ላይ መቀመጥና ቁጢጥ ማለት ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ የወንበሩንና የመጸዳጃ ቤቱን ነገር ቤት ሳትገቡ አስጨርሱ። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አትጨናነቁ። የፊት ወንበር ያዙ፣ ወደ ኋላ ይገፋላችሁ፣ ትራስ አድርጉበት። መጀመሪያ በመቀመጫችሁ ተቀመጡና ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አስገቡ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንዝ ደግሞ ከዚያም ይርቃል፤ በየሰዓቱ ሹፌሩን አስቁማችሁ ወርዳችሁ ጥቂት ተራመዱ፣ ደም እንዳይረጋ። ባታችሁ ካበጠና ካመማችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ መንገዱን አትቀጥሉ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ግቡ።